የቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ዲግሪ ዋጋ ማነጻጸሪያ፦ ሰሜን ሸዋ ላሉ ተማሪዎችና ቤተሰቦች

ነሐሴ ሲጋመስ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያሉ የመብራት ምሰሶዎች የኮሌጅ ማስታወቂያ ይለብሳሉ። «ምዝገባ ጀምረናል»፣ «በተመጣጣኝ ክፍያ»፣ «ቅናሽ አለን»። አንዱ ክፍያውን በወር ይጽፋል፣ ሌላው በክሬዲት ሰዓት (የኮርስ ክብደት በሚለካበት አሃድ)፣ ሌላው በሴሚስተር። ዋጋ ጭራሽ የማይጽፍም አለ፤ ስልክ ቁጥር ብቻ።

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ እንዲህ ያሉ ሦስት ወረቀቶች በፌስታል ይዛ ከደነባ፣ ደብረ ብርሃን ወዳለው ቤቴ መጣች። እናቷም አብራት ነበረች። ወረቀቶቹን ዝናብ ነክቷቸው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ምድጃው አጠገብ ዘርግተናቸው እስኪደርቁ ቡና ተፈላ። ልጅቷ 12ኛ ክፍልን የጨረሰችው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የመግቢያ ነጥቡን ብታሟላም በቤት ችግር ሳትቀጥል ቀርታ ደነባ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። አሁን ማኔጅመንት ወይም ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን መማር ፈልጋለች። «ርካሹ የቱ ነው?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ እኔም በጊዜዬ ጠይቄው ነበር። ያኔ በወር የሚከፈለውን ብቻ ሰምቼ ገባሁ። የሞጁል፣ የመታወቂያ፣ የድጋሚ ፈተና፣ የምርቃት እየተባለ የተጨመረው ሲደመር፣ መጀመሪያ «ውድ ነው» ብዬ የተውኩት ኮሌጅ ይሻለኝ ነበር። የኮሌጁን ስም ማንሳት አልፈልግም። ልጅቷ ግን ያንን እንድትደግም አልፈለግኩም። ስለዚህ ባለመስመር ደብተር አወጣንና ሁለት ቀን ሠራንበት። ከዚህ በታች ያለው ያን ጊዜ የተከተልነው መንገድ ነው። ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአረርቲ ለሚመጣም ይሠራል፤ የሚለወጡት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው።

1. ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ፈቃዱን እዩ

ፈቃድ የሌለው ትምህርት በነጻም ቢሰጣችሁ ውድ ነው። ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን አራትና አምስት ዓመት ይሄዳል።

የግል ኮሌጆችን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ፈቃዱ ለኮሌጁ ስም በጅምላ የሚሰጥ አይደለም። ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለእያንዳንዱ የአሰጣጥ መንገድ ለየብቻው ነው። አዲስ አበባ ላይ በመደበኛ ማኔጅመንት እንዲያስተምር የተፈቀደለት ኮሌጅ ደብረ ብርሃን ቅርንጫፉ ላይ ያው ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። በመደበኛ የተፈቀደለትም በርቀት ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ሬጅስትራር (የተማሪ ምዝገባ ቢሮ) ስትገቡ የፈቃዱን ደብዳቤ አሳዩኝ በሉ። ማፈር የለም። ደብዳቤው ላይ አራት ነገር ፈልጉ፦ የዘርፉ ስም፣ የካምፓሱ ቦታ፣ የአሰጣጡ መንገድ (መደበኛ፣ የማታ፣ የቅዳሜና እሑድ፣ ርቀት) እና ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን። ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለው ብዙ ጊዜ የቆየ ነው፤ ቀኑን አንብቡ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና ከባለሥልጣኑ ጋር አመሳክሩት። «ደብዳቤው ዋናው ቢሮ ነው፣ ነገ ኑ» ካሏችሁ ነገ ሂዱ። ነገም ከሌለ ያንን ወረቀት ከዝርዝራችሁ ሰርዙት። እኛ ከሦስቱ አንዱን የሰረዝነው በዚህ ነው። ሌላ ፈልገን ተካነው።

የራሳችሁንም መግቢያ አትርሱ። የመግቢያ ነጥብ እንደተፈተናችሁበት ዓመት ይለያያል። በቴክኒክና ሙያ በኩል የመጣችሁ ከሆነ የደረጃችሁ ሲኦሲ፣ ማለትም የብቃት ምዘና ማረጋገጫ ይጠየቃል። ኮሌጁ «ችግር የለም፣ እንመዘግባለን» ቢልም፣ መግቢያውን ሳያሟላ የተማረ ሰው ዲግሪው ሲመረመር ይወድቅበታል። የሚጎዳው እሱ እንጂ ኮሌጁ አይደለም።

ስለ ዘርፉ ስም አንድ ቃል። ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን፣ ማኔጅመንትና አካውንቲንግና ፋይናንስ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። የመውጫ ፈተናው እንደ ዘርፉ ነው፣ የሥራ ማስታወቂያውም የዘርፉን ስም ይጠራል። የምትመኙትን ዓይነት ሥራ ማስታወቂያ አምስት ስድስቱን አንብቡና የሚጠሩትን ስም ጻፉ። ከዚያ አንዱን ዘርፍ ከራሱ ዘርፍ ጋር አነጻጽሩ። የአንዱን ኮሌጅ ማኔጅመንት ከሌላው አካውንቲንግ ጋር ማወዳደር በግን ከፍየል ጋር አንድ ገበያ ላይ እንደመገመት ነው።

2. መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚደርሳችሁ ከሆነ ከሱ ጀምሩ

የ12ኛ ክፍል ውጤቱ በቂ ሆኖ የተመደበ ተማሪ ካለ፣ በአብዛኛው ከኪስ የሚወጣው አነስተኛ የሆነው መንገድ ይህ ነው። ነጻ ግን አይደለም። ኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም ወጪ መጋራት አለ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ወደፊት ሊከፍል ውል ይፈርማል። ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። ዋናውን ዲግሪ ለማውጣትም የኮስት ሼሪንግ ክሊራንስ፣ ማለትም ከዕዳው ነጻ የመሆን ማረጋገጫ ይጠየቃል።

እዚህ ላይ የቆዩ ተመራቂዎች የሚነግሯችሁን የዕዳ መጠን እንዳለ አትቀበሉት። የተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለዓመታት 22 ብር የነበረው በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በዚህ ሒሳብ ምግቡ ብቻ በአሥር ወር 30,000 ብር ይጠጋል። ዲግሪው ደግሞ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች ተጨምረውበት ከሦስት ወደ አራት ዓመት አድጓል። ስለዚህ ታላቅ ወንድማችሁ «እኔ እኮ ይህን ያህል ነው የከፈልኩት» ቢላችሁ፣ የሱ ዘመን ሌላ ነው።

ያም ሆኖ ይህ ዕዳ የሚከፈለው ደመወዝ ሲመጣ ነው። መስከረም ላይ በግ ሸጦ ከሚከፈል ገንዘብ ጋር አንድ አይደለም። በደብተሩ ላይ ለብቻው አምድ ስጡት፦ «አሁን ከኪስ» እና «ኋላ ከደመወዝ»።

ምደባው ከሩቅ ከሆነ ደግሞ የመንገዱ ወጪ አለ። የሰሜን ሸዋ ልጅ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሲመደብና አገር አቋርጦ ሲሄድ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ቤት ደርሶ ለመመለስ የሚያስፈልገው ገንዘብ አይገናኝም።

መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በኤክስቴንሽን፣ ማለትም በማታና በቅዳሜና እሑድ፣ በክፍያ የሚያስተምሩበትም መንገድ አለ። ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ግል ይሄዳል። ጠይቁ።

3. ሬጅስትራር ስትገቡ እነዚህን ጠይቁ

ስልክ ደውሎ ዋጋ መጠየቅ አይበቃም። ስልክ የሚያነሳው ሰው አንድ ቁጥር ይነግራችሁና «ኑ፣ ሌላውን እንነጋገራለን» ይላል። በአካል ሂዱ። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። የሚነገራችሁን ፊታቸው ጻፉ፤ የሚጻፍ ነገር ሲያዩ ሰዎች ይጠነቀቃሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «በወር ስንት ነው?» አይሁን። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዲግሪዬን እስክይዝ በአጠቃላይ ስንት እከፍላለሁ?» በሉ። ብዙውን ጊዜ መልስ የለውም። ያኔ እናንተው ትደምራላችሁ። ለመደመር የሚያስፈልጓችሁ እነዚህ ናቸው፦

- የዘርፉ ጠቅላላ ክሬዲት ሰዓት ስንት ነው? ካሪኩለሙን አሳዩኝ።
- ክፍያው በክሬዲት ነው፣ በኮርስ ነው ወይስ በወር? በወር ከሆነ በዓመት ስንት ወር ነው? ክረምትስ ይከፈላል?
- ምዝገባ በየሴሚስተሩ ነው ወይስ በዓመት አንዴ?
- ሞጁልና ሃንድአውት ክፍያው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻው?
- ኮርስ ቢወድቅብኝ ድጋሚ ስንት ነው? ሙሉ ክፍያ ነው?
- የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የአማካሪ፣ የጋውን፣ የትራንስክሪፕትና የቴምፖራሪ (የጊዜያዊ ዲግሪ ወረቀት) ክፍያ ስንት ነው?
- ክፍያ ቢዘገይ ቅጣቱ ስንት ነው? ከስንት ቀን በኋላ?
- ብታመም ወይም መንገድ ቢዘጋ ሴሚስተሩን አቋርጬ ስመለስ የከፈልኩት ይያዝልኛል?

የመጨረሻዋን በቀላሉ አትለፏት። በእኛ አካባቢ ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ አይተናል። ለሁለት ሳምንት ትምህርት የቀረ ሰው ኮርሱን እንደገና ከፍሎ ይውሰድ ወይስ ይታሰብለታል? ይህ የብዙ ሺህ ብር ልዩነት ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ልጨምር፦ «ዋጋው ለገባሁበት ባች እስከ ምርቃት ይጸናል ወይስ በየዓመቱ ይጨምራል?» የኔን ኪስ የጎዳው ይህ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ጨመሩ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ እንደገና ጨመሩ። መሃል ላይ ያለ ተማሪ የት ይሄዳል? ወደ ሌላ ኮሌጅ ቢዛወር ሁሉም ኮርስ አይያዝለትም። ስለዚህ «ይጸናል» ካሏችሁ በጽሑፍና በማኅተም ጠይቁ። «ሊጨምር ይችላል» ካሏችሁ እውነቱን ስለነገሯችሁ አመስግኑና ድምሩ ላይ መጠባበቂያ ያዙ። እኔ በየዓመቱ ከቀሪው ክፍያ ላይ ቢያንስ አንድ አሥረኛ እጨምር ነበር።

ሬጅስትራሩን ስትጨርሱ በር ላይ ቆዩ። የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ሲወጡ አናግሯቸው። «እናንተ ስትገቡ ከተነገራችሁ ውጪ ምን ከፈላችሁ?» በሏቸው። የሬጅስትራሩ ወረቀት የማይነግራችሁን በአምስት ደቂቃ ይነግሯችኋል። ለአክስቴ ልጅ አንዲት ተማሪ የከፈለችበትን ደረሰኝ ሁሉ ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻት። ደግ ሰው አይጠፋም።

4. አንድ ገጽ ላይ ደምሩ

እዚህ ላይ ነው ደብተሩ ሥራውን የሚሠራው። ገጹን በቁም ሦስት ቦታ ከፈልነው፤ ለእያንዳንዱ ምርጫ አንድ አምድ። ከታች ያሉት ቁጥሮች የማሳያ ናቸው፤ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለወጥ በቦታቸው የራሳችሁን አስገቡ። ሦስቱም ጋ ጠቅላላው 145 ክሬዲት ሰዓት ነው እንበል።

የመጀመሪያው ምርጫ ደብረ ብርሃን ላይ ቅዳሜና እሑድ መማር ነው። በክሬዲት 400 ብር፣ አምስት ዓመት ይፈጃል። ትምህርቱ 58,000 ብር። ምዝገባ በሴሚስተር 300፣ ለአሥር ሴሚስተር 3,000። ሃንድአውትና ኮፒ በዓመት 1,500፣ ድምሩ 7,500። ምርቃትና ጽሑፍ 8,000። ከደነባ ደርሶ መልስ በሳምንት 300 ብር፣ በዓመት 36 ሳምንት፣ ለአምስት ዓመት 54,000 ብር። የቅዳሜ አዳር እኔ ቤት ስለሆነ ዜሮ አልነው። ጠቅላላው 130,500 ብር መጣ።

ሁለተኛው የቀን መደበኛ ነው፣ አራት ዓመት። በወር 1,200 ብር፣ በዓመት አሥር ወር። ትምህርቱ 48,000 ብር። እዚህ ላይ ልጅቷ «ይሄ ይሻላል!» አለች። እውነቷን ነው፣ ወረቀቱ ላይ ከመጀመሪያው በ10,000 ብር ያንሳል። ቀጠልን። ምዝገባ ለስምንት ሴሚስተር 2,400። ሃንድአውት 6,000። ምርቃት 8,000። ከጓደኛ ጋር የምትጋራው የቤት ኪራይ በወር 1,500፣ ለአርባ ወር 60,000። ምግብ በወር 3,000፣ ለአርባ ወር 120,000።

እስካሁን ዝም ብላ ትሰማ የነበረችው አክስቴ ይህን ጊዜ ጣልቃ ገባች። «ቆይ እንጂ! ደነባም ብትሆን ትበላ የለም እንዴ? ምነው ደብረ ብርሃን ስትሄድ ብቻ ይቆጠራል?»

ልክ ነበረች። እኔ አላሰብኩትም ነበር። መቆጠር ያለበት ልዩነቱ ብቻ ነው። አክስቴ ጣቷን እየቆጠረች ልጅቷ ቤት ውስጥ የምትበላውን በወር ወደ 1,500 ብር ገመተችው። ስለዚህ ከ120,000 ላይ ግማሹን ሰርዘን 60,000 አልነው። ድምሩ 184,400 ሆነ።

ግን እሷ ያስታወሰችን ነገር ሌላም አመጣ። ልጅቷ በቀን ከተማረች ከሱቁ ትወጣለች። በወር 2,500 ብር ታገኝ ነበር እንበል። በአርባ ወር 100,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ከኪስ አይወጣም፤ ወደ ኪስም አይገባም። ብዙ ቤተሰብ ይህን አይቆጥርም። በልጅቷ ደመወዝ ታናናሾቿ ደብተር የሚገዛላቸው ከሆነ ግን የቤቱ ወጪ ነው። ሲጨመር 284,400 ብር።

ሦስተኛው ርቀት ነው። በክሬዲት 250 ብር፣ 36,250 ብር። ምዝገባ 3,000። ለቲውቶሪያልና ለፈተና በሴሚስተር አራት ጊዜ ደብረ ብርሃን መምጣት፣ እያንዳንዱ 500 ብር፣ በጠቅላላው 20,000። የኢንተርኔት ጥቅልና ካርድ በወር 200፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ለሃምሳ ወር 10,000። ምርቃት 8,000። ድምሩ 77,250 ብር።

ሦስቱን ድምሮች ገጹ ታች ላይ ከበብናቸው። በማስታወቂያው ላይ የመጀመሪያውና ሁለተኛው ተቀራራቢ ነበሩ፤ እንዲያውም ሁለተኛው ያንስ ነበር። በደብተሩ ላይ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

ይህ የደነባ ልጅ ሒሳብ ነው። ቤቷ ደብረ ብርሃን ለሆነችና ሥራ ለሌላት ልጅ ኪራዩ፣ የምግቡ ልዩነት፣ መንገዱና የሚቀረው ደመወዝ ከሒሳቡ ይሰረዛሉ፤ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ደረጃ ይገለበጣል። የጎረቤታችሁን ልጅ ምርጫ መቅዳት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

የማታ ትምህርት ለምታስቡ ደግሞ አንድ የአገራችንን ነገር ልጠቁም። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ከክፍል ሲወጣ ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል፣ ባጃጁም ዋጋ ይጨምራል። ለሴት ልጅ በእግር መሄዱ አይመከርም። የማታ ባጃጅን በደብተሩ ላይ ጻፉት፤ ወፍራም ጃኬትም ጻፉ። ቀልድ አይደለም፤ እኔ አንዱን ሴሚስተር ግማሹን የቀረሁት በብርድ ታምሜ ነው።

5. የመውጫ ፈተናውን በዋጋው ውስጥ አስገቡ

የርቀቱ 77,250 ብር ያጓጓል። ግን ኮርስ ጨርሶ ዲግሪ መያዝ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ቀርቷል። የመውጫ ፈተና አለ። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ያላለፈ ሰው የአራት ዓመት ክፍያውን ከፍሎ፣ ኮርሱን ሁሉ ጨርሶ ዲግሪ አይሰጠውም። እንደገና መፈተን ይችላል፤ እስኪያልፍ ግን ይጠብቃል።

ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በሐምሌ 2015 ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት 77,981 ተፈትነው 48,632 አለፉ። ከግል ተቋማት 72,203 ተፈትነው ያለፉት 12,422 ብቻ ናቸው። ከመቶ 17 ገደማ ማለት ነው። የመጀመሪያው ዙር ስለነበር ድንገተኛነቱ የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ቢሆንም ያን ቀን ውጤታቸውን ያዩ ልጆች ቤት የነበረውን ዝምታ አልረሳውም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ይህን ጠይቁ፦ «በዚህ ካምፓስ፣ በዚህ ዘርፍ፣ ባለፈው ዙር ስንት ተፈትነው ስንት አለፉ?» የኮሌጁን ጠቅላላ ውጤት ሳይሆን የእናንተን ዘርፍ። ቁጥሩን የሚያውቅና የማይደብቅ ኮሌጅ ተማሪውን ይከታተላል ማለት ነው። «አብዛኛው አልፏል» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

ከዚያ ሒሳቡን እንዲህ እዩት። ሁለት ኮሌጆች አሉ እንበል፤ አንዱ 80,000 ብር ሆኖ ከአሥር ሁለቱን ያሳልፋል፣ ሌላው 120,000 ብር ሆኖ ከአሥር ሰባቱን ያሳልፋል። አሥር ልጆች በመጀመሪያው 800,000 ከፍለው ሁለት ዲግሪ ያገኛሉ፤ አንዱ ዲግሪ 400,000 ብር ወጣበት። በሁለተኛው 1,200,000 ከፍለው ሰባት ያገኛሉ፤ አንዱ 171,000 ብር ገደማ ነው። ርካሹ ማን ሆነ?

ርቀት ትምህርት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ልጅ ይዘው፣ መደብር እየጠበቁ፣ በሞጁል ተምረው የተመረቁና ጥሩ ቦታ የደረሱ አውቃለሁ። ግን ብቻን ቁጭ ብሎ ማንበብ ለሁሉም አይሆንም። በተለይ አካውንቲንግ፣ ስታትስቲክስና ኦፕሬሽንስ ሪሰርች የሚያስረዳ ሰው ይፈልጋሉ። ከክፍል ከወጣችሁ ዓመታት ካለፉ ይህን በቅንነት ራሳችሁን ጠይቁ። የአክስቴን ልጅ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ብቻዬን አላነብም፣ እኔ ራሴን አውቃለሁ» አለች። የርቀቱን አምድ ራሷ በእስክሪብቶ ሰረዘችው።

6. ገንዘቡ የሚወጣበትና የሚገባበት ወር ይገጥማል?

ጠቅላላ ድምሩ ቢቻል እንኳ የሚከፈልበት ወር ቤት ሊያፈርስ ይችላል። ምዝገባ የሚሆነው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ያኔ የደነባና የእነዋሪ ገበሬ ስንዴው፣ ባቄላውና ምስሩ ገና ማሳ ላይ ነው። የምንጃር ጤፍም እንዲሁ። በዚያ ወር ገንዘብ ፈላጊ ሁሉ ወይ ይበደራል፣ ወይ ያልደረሰ እህል ላይ ይዋዋላል፣ ወይ እንስሳ ይሸጣል። መንዝ ላለ ሰው ለእንቁጣጣሽ በግ ዋጋ ስለሚያወጣ ትንሽ ይቀለዋል።

ኮሌጁን «የሴሚስተሩን ክፍያ ከፍዬ መጨረስ ያለብኝ መቼ ነው? ግማሹን ጥር ላይ ብከፍልስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ በሁለትና በሦስት ጊዜ መክፈል ይፈቅዳሉ፤ ካልጠየቃችሁ ግን አይነግሯችሁም። በወር የሚያስከፍል ኮሌጅ ለደመወዝተኛ ይመቻል፣ ለገበሬ ቤት ግን ከበድ ይላል። እንዲህ ያለው ልዩነት አንዳንዴ ከጥቂት ሺህ ብር ቅናሽ ይበልጣል።

እቁብ ያላችሁ ተራችሁ መስከረም ላይ እንዲወድቅ ከዳኛው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለትምህርት ከሆነ አባላቱ ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ። ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ደግሞ መሥሪያ ቤታችሁ ለሠራተኛ የትምህርት ድጋፍ እንዳለው የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቁ። ካለ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ እንዳለው አንብባችሁ ፈርሙ።

7. ስትመዘገቡ

ውል ወይም የተማሪ መመሪያ ከሰጧችሁ ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። «እዚሁ ፈርሙ፣ ሰልፍ አለ» ሲባል አትጣደፉ። የክፍያ ማስመለስ የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። ከባንክ ወደ ኮሌጁ ሒሳብ እንጂ ወደ ግለሰብ ሒሳብ አታስገቡ። ሙሉውን ዓመት ከከፈላችሁ ቅናሽ አለ ቢባል እንኳ፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር በሴሚስተር ክፈሉ፤ መምህሩ ይገባል አይገባም፣ ክፍል ይሟላል አይሟላም የሚታወቀው ያኔ ነው። ተማሪ ሳይሞላ ሲቀር ክፍሉ የሚዘጋበት ጊዜ አለ።

የአክስቴ ልጅ የቅዳሜና እሑዱን መረጠች። ጥቅምት ላይ ተመዘገበች፣ ግማሹን በሱቅ ደመወዟ፣ ግማሹን አክስቴ ከእቁቧ። ቅዳሜ ጠዋት ከደነባ ትመጣለች፣ ማታ እኔ ጋ ታድራለች። ያቺ ባለመስመር ደብተር አሁን የሷ ናት። በስተኋላው ገጽ የከፈለችውን በቀን በቀኑ ትጽፋለች።

ደረሰኞቹን በተመለከተ፦ ከማሽን የሚወጣው ስስ ወረቀት ላይ ያለው ጽሑፍ በጥቂት ወራት ውስጥ ይደበዝዛል፤ ምድጃ አጠገብ ከተቀመጠ ደግሞ ቶሎ ይጠቁራል። በተቀበላችሁበት ቀን ፎቶ ኮፒ አስነሱት፣ ኮፒው ላይ ቀኑንና ሴሚስተሩን በእስክሪብቶ ጻፉ፣ ሁለቱን አንድ ላይ በወረቀት ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ። ለምርቃት ክሊራንስ ስትሄዱ የአንደኛ ዓመቱን ሊጠይቋችሁ ይችላሉ።